ሁለት ጊዜ የተገነባው ግድግዳ

ወንድሜ አሮጌ ቤት ሲያይ መጀመሪያ ጎንበስ ይላል። የሚያየው ጣሪያውን ወይም በሩን አይደለም፤ ግድግዳው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ከዚያ በጣቱ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። «ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው» ይለኝ ነበር። ይህን ከማን እንደሰማው አላውቅም። ምናልባት የራሱ ነው።

ስለ እሱ ለመጻፍ ስቀመጥ ይህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ባለፈው የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ የተቀጠረበትን እያልኩ ጀመርኩና በመቃብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሆነብኝ። ቀደድኩት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ድርሰት ስንጽፍ አስተማሪያችን «ያየኸውን ጻፍ» ይሉን ነበር። እኔ በደንብ ያየሁት አንድ ግድግዳ ነው። ሲፈርስ አይቻለሁ፣ ሲገነባም አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ ግድግዳው እጽፋለሁ። ወንድሜን ከእሱ ለይቼ ማሰብ እስካሁን አልቻልኩም።

ከገበያው በታች ያለውን የነጋዴ ሰፈር ደብረ ማርቆስን የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን አሁን ስሙን የሚጠራው ሰው አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ነው፤ የቆዳ ሽታ ስላለው። ድሮ ግን የቅቤና የማር፣ የጨውና የጨርቅ ነጋዴዎች የሰፈሩበት ነበር። ሀብታሞቹ ከሩቅ አገር አናጢ እያስመጡ ደርብ ቤት አሠሩ። ታቹ ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ላዩ እንጨት። ፊት ለፊቱ ሰገነት አለው፤ የሰገነቱ መከታ አበባና ቅጠል ሆኖ የተፈለፈለ ነው። በኋላ የመኪናው መንገድ በላይ በኩል አለፈ፤ ንግዱም ተከትሎት ወጣ። ልጆች ያሏቸውን ልጆቻቸው ወሰዷቸው። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ታቻቸው የቆዳ ማከማቻ፣ ላያቸው የርግብ ማደሪያ ሆኖ ቀረ።

በልጅነታችን እናታችን ቅቤ ይዛ ወደዚያ ስትወርድ ሁለታችንን ታስከትለን ነበር። እሱ መንገድ አያይም፤ ቀና ብሎ ሰገነቶቹን እያየ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን እንደዚያ ሲሄድ ጭነት ከጫነ አህያ ጋር ተጋጭቶ አፍንጫው ደማ። እናቴ ይህን አልረሳችለትም። ካደገም በኋላ፣ መምህር ከሆነም በኋላ፣ ወደዚያ ሰፈር ሲሄድ ባየችው ቁጥር «ያኔ አህያው ቢመክርህም አልሰማህ» ትለው ነበር።

አዲስ አበባ መምህርነት ተምሮ ሲመለስ የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆነ። ሌላ ቦታ መመደብ ይችል ነበር፤ እሱ ለምኖ ወደዚሁ መጣ። ጓደኞቹ «ምን አለ ብለህ ነው?» ሲሉት «ብርዱ ናፍቆኝ ነው» ብሎ ያስቃቸዋል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ጣል ያደርግና ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ የአንዲት ጠላ ሻጭ ደረጃ ሠራ። ቀጥሎ የሌላ ቤት ሰገነት። ያረጀውን ሁሉ ነቅሎ በአዲስ መተካት አይወድም። የሰገነት ቋሚ እግሩ ከበሰበሰ የበሰበሰውን ብቻ ይቆርጥና ከሥር አዲስ ጥድ ይቀጥልለታል። ሁለቱ እንጨቶች የተገናኙበትን ቦታ በጥፍርህ ፈልገህ አታገኘውም። ሰው ሳያስተውለው ሲያልፍ ግን አያስችለውም፤ እንደ ልጅ ይሆናል። «እስኪ የት ላይ እንደቀጠልኩት ፈልግ» ይልሃል። ስታጣው ራሱ ያሳይሃል።

ሥራውን ስለሚወደው ነው እንጂ ማንም አላዘዘውም። የሚከፍለውም አልነበረም። እናቴ ግን ይህ አይገባትም ነበር። «የሞተ ቤት ታስነሳለህ፤ የራስህን ጎጆ መቼ ነው የምትቀልሰው?» ትለዋለች። እሱም «ሚስቴ የምትሆነው ሰገነት ላይ ቆማ ስታየኝ ነው እማዬ፤ ሰገነቱን እየሠራሁላት ነው» ይላታል።

አሁን ወደ ሐጂ ቤት ልምጣ።

ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ብሎ ብቻ ነው የሚጠራቸው። ጨርቅና ክር፣ ሳሙናና መርፌ የሚሸጡበት ሱቅ ከደርብ ቤታቸው ሥር ነው። ቤቱን ያሠሩት አባታቸው ናቸው። ሐጂ እዚያ ተወለዱ፣ እዚያ አገቡ፤ ሚስታቸውም እዚያው ሞቱባቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሆነው «ይምጡ፣ ከእኛ ጋር ይኑሩ» ሲሏቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል። አይሄዱም። የሚስታቸው መቃብር ከከተማው ዳር ነው፤ አርብ አርብ ጠይቀዋቸው ይመለሳሉ።

የቤታቸው ግድግዳ በመንገዱ በኩል ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ አዝምሞ ነበር። የሚያልፍ ሰው ከሥሩ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሐጂ ይስቁበታል። «እኔና ይህ ቤት አብረን ነው የጎበጥነው» ይላሉ፤ «የምንለያየው እኔ ከዘራ ስላለኝ ነው።»

አንድ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መንገዱን እንዲያስተካክሉ የታዘዙ አንድ ሹም መጡ። ወደ መንገዱ ያዘመመ ቤት ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ይፈርሳል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ይቆያል አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቤት ወድቆ ሰው እንዳይገድል ነው ያሉት፤ እውነትም ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሐጂ ግድግዳ ቀሰሩና «ይህ ለምሳሌ» አሉ።

ሐጂ በማግስቱ ሱቅ አልከፈቱም። ወንድሜ ሄዶ አንኳኳ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ሐጂ፣ ምን አሰቡ?»

«ምን አስባለሁ ልጄ። ቤቱ ከፈረሰ ልጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሻይ ያጠጡኛል።» በከዘራቸው ወደ ከተማው ዳር አመለከቱ። «እሷ ግን እዚህ ብቻዋን ትቀራለች።»

ወንድሜ አላጽናናቸውም። ወጣና በመንገዱ በኩል ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ሥር ማየት ጀመረ። ሲመለስ «ግድግዳው መፍረስ አለበት» አላቸው። ሐጂ ደነገጡ። «እኛ እናፍርሰው ነው የምልዎ። ላዩን በእንጨት ደግፈን ይዘን፣ የታችኛውን አፍርሰን፣ በዚያው በራሱ ድንጋይ ቀጥ አድርገን እንገንባው። ከፋሲካ በፊት።»

«ሰውስ?»

«ደቦ እንጠራለን።»

ደቦ የጠራ ያበላል። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ሰው ጉልበቱን በነጻ ይሰጥሃል፤ አንተ ደግሞ አጥግበህ ትመልሰዋለህ። አዝመራው እስኪሰበሰብ ጠብቀን ነበር፤ ጊዜው ጥር ነው፤ ጥምቀት ገና ማለፉ ነው፣ የፍስክ ወቅት። ሐጂ በግ ቢያርዱ ክርስቲያኑ አይበላም። እናቴ ብታሳርድ እስላሙ አይበላም። ስለዚህ ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱ በሐጂ ጓሮ፣ አንዱ ከመንገዱ ማዶ በአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ግቢ። ሁለት እሳት ነደደ። ማንም ቅር አላለውም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ወንድሜም ደስ ብሎት ነበር፤ ሰው እንዲህ ይወጣል ብሎ አላሰበም።

የሰፈሩ ግንበኛ፣ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው፣ ሥራው ሲጀመር ወንድሜን ይነዘንዘው ነበር።

«መምህር፣ ቤቱን ልትሠራው ነው ወይስ ልታስተምረው?»

«ገና አንደኛ ክፍል ነው» አለ ወንድሜ። «ቀጥ ብሎ መቆም እናስተምረዋለን።»

«ከወደቀስ?»

«ይደግማል።»

ይህን ሲል ያ ነገር እንደሚደርስ አላወቀም። ቀልድ ነበር።

ላዩን በወፋፍራም የጥድ ግንድ ደገፍነው። የድሮውን ግድግዳ አፈረስነው፤ ድንጋዩን በየዓይነቱ ለየነው። ከዚያ ግንባታው ተጀመረ፤ ሰው በፈቃዱ ቦታ ያዘ። የሐጂን ወጥ የሚበሉት በሐጂ ጓሮ በር በኩል ስለሚገቡ ከዚያኛው ጫፍ ጀመሩ። ከማዶ የሚበሉት ከመንገዱ ሲሻገሩ በሚያገኙት ጫፍ ጀመሩ። እያንዳንዱ ወገን ለሚሠራበት ጫፍ የራሱን ጭቃ አቦካ። ሁለቱም ወደ መሀል እየሠሩ መጡ። ዘፈኑ ሞቅ ያለ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይሰድባል፣ ያበረታታል። «እናንተ የምትሠሩት ግድግዳ ነው ወይስ የበግ በረት?» ይባባላሉ።

ግድግዳው ከሰው ቁመት አለፍ ሲል ወንድሜ ቱምቢውን አወረደ። ቱምቢ ማለት ሲባጎ ላይ የታሰረ ከባድ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን እሱ ነው የሚናገረው። በቀኝ በኩል ቀጥ ነው። በግራ በኩል ቀጥ ነው። መሀል ላይ ሲደርስ ግን ወንድሜ ቱምቢውን ወደ ኪሱ ከተተና እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ። ሁለቱ ወገኖች በተገናኙበት ቦታ ላይ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ነበር። መዳፌን አሹዬ ብከተው ይገባ ነበር። ድንጋይ ሲገነባ የላይኛው የታችኞቹን ሁለቱን ረግጦ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ሌላውን መንከስ አለበት። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጫፍ አሳምረው ጨርሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱም ድንጋይ ወደ ሌላው ወገን አልተሻገረም። ጭቃቸውም አንድ አልነበረም፤ የአንዱ ወፍራም፣ የአንዱ ቀጭን፤ ሲደርቅ እኩል አልተኮማተረም። አንድ ግድግዳ መስሎን ሁለት ግድግዳ ሠርተናል።

«ጭቃ እንሙላበትና እንምረገው፤ ማን ያየዋል?» አለ ግንበኛው።

«ክረምት ያየዋል» አለ ወንድሜ።

በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ኮቱን በድጋፉ ግንድ ላይ ሰቅሎ፣ ከላይ ጀምሮ ድንጋዩን ብቻውን እያወረደ ነበር። ሰው ጮኸ። ላባቸውን ያፈሰሱበት ነው፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ «አብደሃል» አለው። አንዱ ደግሞ እጁን ሊይዘው መሰላሉ ላይ ወጣ።

«የማን ጥፋት ነው? የማን በኩል ነው የተበላሸው? ንገረንና እናስተካክል» አለ ግንበኛው ተናዶ።

ወንድሜ ድንጋዩን እንደታቀፈ ዞሮ «የወጡ ነው» አለ።

«ምን?»

«ግድግዳውን የሰነጠቀው ወጥ ነው። ሁለት ድስት ስለጣድን ሁለት ቦታ ተቀመጥን፣ ሁለት ቦታ ስለተቀመጥን ሁለት ቦታ ጀመርን። ድንጋዩ ምን አደረገ?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ንዴቱ ወጣላቸው። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ታዲያ ምን ይደረግ መምህር? እኔ የናንተን ሥጋ አልበላ፤ እናንተ የኔን።»

«ደቦውን ጾም ሲገባ እንደገና እንጠራዋለን» አለ ወንድሜ።

እናቴ ይህን ስትሰማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «በሁዳዴ ደቦ? ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ድንጋይ ሊያነሳልህ? እግዜርም አይወደው፣ ሰውም አይመጣ።»

«እማዬ፣ በጾም የሚበላው ሽሮ ነው። ሽሮን ደግሞ ሁሉም ይበላል።»

እናቴ አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ «መጠጡንስ?» አለች።

«መጠጡን አንድ ላድርገው ብል በዚያው ድንጋይ ይወግሩኛል። ለኛ ጠላ፣ ለነሱ የማያሰክረው ቀሪቦ ይሁን።»

እኔ እስከ ዛሬ የማደንቀው ይህን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግንበኛ ይቀይር ነበር፤ ወይም ተቆጥቶ ይተወው ነበር። እሱ ግድግዳው ለምን እንደተሰነጠቀ ድስቱ ድረስ ተከትሎ ሄደ።

ሰው መጣ። ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፤ ግን መጣ። በሐጂ ጓሮ አንድ ትልቅ ድስት ተጣደ። እናቴና የሐጂ እህት ድስቱ ላይ ሆነው ስለ በርበሬው ይጨቃጨቃሉ።

«ይህ ሽሮ ነው ወይስ የታመመ ሰው ምግብ? በርበሬ ጨምሪበት እንጂ» ትላለች የሐጂ እህት።

«እነዚህ በባዶ ሆዳቸው ነው የሚበሉት፤ ጨጓራቸውን ልታነጂው ነው?»

«በባዶ ሆዳቸው ድንጋይ የተሸከሙ በርበሬ ይፈራሉ?»

የጭቃው ጉድጓድም አንድ ሆነ። ሁሉም ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው ጫፍ አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ረድፍ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ወንድሜ ሕጉ ይህ ብቻ ነው አለ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተገላበጠና እየተረገጠ እስኪሸት መቆየት አለበት፤ ከተተወ ይደርቃል። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በሌላውም በዓል ቀን ክርስቲያኑ ሥራ ስለማይነካ እስላሞቹ መጥተው ይረግጡታል። አርብ ሶላት ላይ ሲሆኑ እኛ እንረግጠዋለን። ማንም ይህን ተነጋግሮ አልወሰነም፤ እንዲሁ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ የሆነውን ግን ልንገር። ክርስቲያኖቹ እንደሚጾሙ የታወቀ ነው። ሽሮው ደርሷል፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። አንድ እስላም ወጣት እጁን ታጥቦ ወደ ጓሮ ሊገባ ሲል ሐጂ በከዘራቸው በሩን ዘጉት።

«ወዴት?»

«ምሳ ነዋ፣ ሐጂ።»

«እነዚህ ሳይቀምሱ?»

«እነሱ ጾመኞች ናቸው። እኔ አልጾምኩም!»

«ዛሬ ጾመሃል» አሉት። «ሂድ፣ ድንጋይ አንሳ።»

ሳቁ ከሰፈር ሰፈር ተሰማ። ልጁም እየሳቀ እያጉረመረመ ተመለሰ። ክርስቲያኖቹ «ኧረ ሐጂ፣ ይብላ፣ ምን አለበት» ቢሉም እምቢ አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ሰዓት የሁሉም ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሲሆን አንድ ላይ ተቀምጠን፣ ጭቃ በጭቃ እንደሆንን፣ ከአንድ ገበታ በላን። ያ ወጣት ከግንበኛው አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ግንበኛው «ጾም እንዴት ነው?» አለው። «ከምትሠራው ግድግዳ ይሻላል» አለው ልጁ።

ግድግዳው በሆሳዕና ሰሞን አለቀ። የመሀሉን መስመር እኔም ፈልጌ አጣሁት።

ድጋፉ የሚነሳበት ቀን ግን ማንም አልቀለደም። ግንዶቹ ሲወጡ የላይኛው ቤት ክብደት ሁሉ በአዲሱ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ወንድሜ ሰውን ሁሉ ወደ ማዶ አራቀ። ሐጂ ግን ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፤ አልወጣም አሉ። «ከወደቀ ከነእኔ ይውደቅ።» ወንድሜ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ከዚያ እሱም ገባና አጠገባቸው ቆመ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት። «ምቱ!» ብሎ ጮኸ ከውስጥ።

ግንበኛው የመጀመሪያውን ግንድ መታ። ሁለተኛውን መታ። የመጨረሻው ሲወጣ ቤቱ አቃሰተ፤ ሌላ ቃል የለኝም። አቧራ ወረደ፤ ርግቦቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ። ከዚያ ጸጥ አለ።  በመጨረሻ ሐጂ ጭንቅላታቸውን በበሩ አወጡና «ጨረሳችሁ?» አሉ። «ሱቅ ልከፍት ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ሹሙ መጡ። ወንድሜ ቱምቢውን ሰጣቸውና ራሳቸው አወረዱት። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ስንጥቁ የት እንደነበረ ሰምተው ኖሯል፤ መሀሉ ላይ ቆመው በእጃቸው ደባበሱት። ከዚያ የሐጂን እጅ ጨበጡ። «ይቆያል» አሉ። «ነገር ግን እንዲህ ጭቃ እንደሆነ መንገድ ዳር አይታይም። ከክረምት በፊት ነጭ ይሁን።» ይህ ትክክል ነበር። ነጩ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ኖራ ያልተቀባ የጭቃ ልስን የኛን ክረምት አይችልም።

በከተማው የሚገኘው ኖራ ለአንድ ክፍል እንኳ የሚበቃ አልነበረም። የኖራ ድንጋይ ያለው ዓባይ በረሃ ነው፤ እዚያው አቃጥሎ በአህያ ማምጣት ነው። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ ከአህያ ነጂዎች ጋር ወረደ። እናቴ «በረሃ እንዳታድር» አለችው። እሳቱ ግን ሌት ተቀን ካልነደደ ድንጋዩ አይበስልም፤ ከእሳቱ የሚለይም አልሆነም፤ አደረ። ማንንም አልወቅስም። ሹሙንም፣ ሐጂንም። እናቴ አንዴ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ተወችው።

ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጸጉሩ በኖራ ብናኝ ነጥቶ ነበር። እየሳቀ «ሸምግዬ መጣሁ» አላት እናቴን። በሐጂ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ኖራውን በውሃ አበረድነው። ኖራው ውሃ ነክቶት ሲፈላ እንደ ሕፃን እየዘለለ ነበር የሚያየው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርድ ብርድ አለው። የወባ ብርድ መሆኑን ሁላችንም አወቅን፤ ማንም ስሙን አልጠራውም።

እሱ ተኝቶ ሳለ ኖራውን እኔ ቀባሁት፤ የሐጂ እህትና ሌሎች ሴቶች ታችኛውን፣ እኔ ላይኛውን። በሽታው ሲጠናበት በአልጋ ተሸክመን ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መንገዳችን በሐጂ ቤት ፊት ነበር። «አውርዱኝ» አለ። አወረድነው። ነጭ ሆኖ ያየው ያኔ ነው። ክንዱን ደግፌ ቀና አደረግሁት። ብዙ ጊዜ አየው። እኔ የምስጋና ቃል እየጠበቅሁ ነበር።

«ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ስስ ነው» አለ። «ዝናብ ያጥበዋል። ይደገም።»

ሐጂ ከሱቁ ሮጠው ወጥተው ነበር። «መምህር፣ ወላሂ ነጭ ነው። አሁን ሂድና ታከም።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ዓይንዎ ደክሟል» አላቸው።

አልጋውን የተሸከሙት ሰዎች ሳቁ። ሐጂም ሳቁ፤ እያለቀሱ። ከሆስፒታል በሕይወት አልወጣም።

ለቅሶው ላይ ስለመጡት ሰዎች ብዙ መጻፍ እችል ነበር። እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ሠልስቱ እንደወጣ ሰማዩ ከቾቄ ተራራ በኩል ጠቆረ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ገና ተቀምጠዋል። ተነስቼ ባልዲና ብሩሽ ፈለግሁ። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን አዩኝና «ወንድምህን ቀብረህ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ቤት ልትቀባ ነው? ሰው ምን ይላል?» አሉ። ሌሎችም አጉረመረሙ። የሐዘንተኛ ወግ እንደዚያ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ከቀብሩ ወዲህ ቃል ያልወጣት እናቴ «ተዉት» አለች። «ዝናቡ እየመጣ ነው።»

ሐጂ መሰላሉን ያዙልኝ። ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እውነትም ስስ ነበር፤ ሥሩ ያለውን ቡናማ ጭቃ ያሳያል። ደገምኩት። ወረድኩና ከማዶ ሆኜ አየሁት። ሐጂ «ገና ነው፤ ጥጉን ዘለኸዋል» አሉኝ። ተመልሼ ወጣሁ።

እግዜር ይስጠው፣ ዝናቡ ኖራው እስኪደርቅ ታገሰን። ሲመጣ ግን የበረዶ ናዳ ይዞ መጣ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሸሽቼ መጠለል ስችል ከቤቱ ፊት ቆምኩ። ውሃው ከሰገነቱ ጠርዝ እየተንዶለዶለ በቀኙ በኩል፣ እኔ በደገምኩት በኩል፣ ወረደ። ሥሩ ያለውን ኩሬ አየሁ። ነጭ አልነበረውም፣ ጭቃም አልነበረውም፤ የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር።

ሐጂ ከሱቃቸው በር ሆነው ያዩኝ ነበር።

«በቃ አሁን» አሉኝ። «ግባና ልብስህን አድርቅ።»

ገባሁ።